ሽማግሌ የማይቀምሰው እንጉዳይ

ትርሲት ሁለተኛውን መጥበሻ እንጉዳይ ከሰል አድርጋ ስታወጣው እናቷ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ከማድ ቤቱ በር ቆመው ያዩ ነበር።

«አንቺየ፣ ይኼ የሚበላ ነው ወይስ የሚነድ?» አሉ።

ትርሲት ያረረውን ወደ አመዱ ገለበጠችው። አፏን ብትከፍት እንባዋ ይቀድማት ነበር። ወቅቱ የነቢያት ጾም፣ ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ እሁድ ሽማግሌ ይመጣል። እሁድ ለሽማግሌዎቹ የሚቀርበው እንጉዳይ ከጥርስ ሲገናኝ ኩርሽም የማይል ከሆነ ደሞዝን አጣችው ማለት ነው። በመጥበሻ ላይ የተንጠለጠለ ትዳር ያየ ካለ ይንገረኝ፤ እኔ ከፎገራዋ ቁሐር ሚካኤል ሌላ የትም አልሰማሁም።

ደሞዝ ማን ነው? ሦስት ዓመት ሙሉ የመሪጌታ ተክለ ማርያም የዜማ ተማሪ የነበረ ልጅ ነው። መሪጌታ የትርሲት አባት ናቸው፤ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ የተማሪዎቻቸው ጎጆ ደግሞ ከቤታቸው ዙሪያ። ከዚያ ሁሉ ተማሪ የደሞዝን ድምፅ የሚስተካከል አልነበረም። መሪጌታ ፊት ለፊት አመስግነውት አያውቁም፤ ለሚስታቸው ግን «ወንበሬን የሚወርሰው ይኼ ልጅ ነው» ይሉ ነበር። ወራሹ ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ደኅና ይዋሉ እንኳ ሳይል ተነሥቶ ወረታ ገባ። ጨለም ያለች ክፍል ተከራየ፤ የሩዝ ገለባ ቀቅሎ በላስቲክ ከረጢት ጠቀጠቀ፤ ከረጢቱን ከጣሪያ አንጠለጠለና እንጉዳይ አበቀለ።

ፎገራ ላይ የሩዝ ገለባ የከብት ነው። እንጉዳይ ደግሞ የጅብ ጥላ ይባላል፤ ጅብ ተጠልሎበት ያየ ባይኖርም። «የከብቱን ምሳ ቀምቶ ለጅብ ጥላ ሰጠው» ተብሎ ደሞዝ የአገሬው መሳቂያ ሆነ። መሪጌታ ግን አልሳቁም። ስሙ ሲነሣ ጋቢያቸውን አጥብቀው ወሬ ይቀይራሉ።

ትርሲት መሳቂያውን ልጅ ወደደችው። ነገሩ የቆየ ነው። በተማሪነቱ ዘመን ከምንጭ ውሃ ይዛ ስትመለስ ከጎጆው በር ቀና ይላል፤ እሷም ቀና ትላለች። ሦስት ዓመት ቀና ከማለት ሌላ ያደረጉት ነገር የለም። አንደበታቸው የተፈታው ወረታ ገበያ ላይ እንጉዳይ ሲሸጥ ያገኘችው ጊዜ ነው። ከዚያ በስልክ መገናኘት መጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት ስልኳን መሪጌታ አገኙትና ከድጓቸው ጋር በሣጥን ቆለፉበት።

ሽማግሌ ሊላክ መሆኑን ሲሰሙ ግን አልከለከሉም። ሊቅ አይደሉ?

«ይምጡ» አሉ። «እንዲያውም ያ ልጅ የሚያበቅለውን ነገር ጠብሳችሁ አቅርቡላቸው። ከበሉት ጥያቄያቸውን እሰማለሁ። የራሱ ሰዎች የተጸየፉት ከሆነ ግን እኔ ልጄን ምን ብዬ እሰጠዋለሁ?»

ሲሰሙት ፍርድ ይመስላል፤ ወጥመድ ነው። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል እንደማይቀምስ በአገሩ የማያውቅ የለም። ካልበሉ አይሰሙም፤ ካልተሰሙ አይበሉም። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ባላቸውን ረዘም አድርገው አዩአቸውና «የተማረ ሰው ተንኮሉም የተማረ ነው» ብለው ወጡ።

ለትርሲት የታያት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፦ ሽማግሌ ሥርዓቱን እስኪረሳ ድረስ እንጉዳዩን ማጣፈጥ። አጠባበሱን እንዲነግራት በእናቷ በኩል ላከችበት። መልሱ ከአንድ ከረጢት እንጉዳይ ጋር በእናቷ ቅርጫት ሥር ተደብቆ መጣ። ሦስት ሳምንት ድምፁን አልሰማችም። ደብዳቤውን ይዛ ከገለባው ክምር ጀርባ ሄደችና ከፈተችው።

«ለትርሲት። እንጉዳዩን በውሃ አትጠቢው፤ ውሃ ይጠጣል። በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው። በቢላ ሳይሆን በጣትሽ ከላይ ወደ ታች ቅደጂው። በጨውና በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት እሺው። ሁለት እጅ የሩዝ ዱቄት፣ አንድ እጅ የሽንብራ ዱቄት፣ ትንሽ ሚጥሚጣ ቀላቅለሽ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ። ዘይቱ ሳይግል እንዳትጨምሪ፤ ጠብታ ሊጥ ጣይበትና ተንጫጭቶ ከተንሳፈፈ ደርሷል። አታጨናንቂው። ከአቡነ ዘበሰማያት እስከ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል አንድ ጊዜ ብለሽ ስትጨርሺ አውጪው። በወንፊት አንጠፍጥፊው፤ እንዳትከድኚው፤ ከከደንሽው ይልፈሰፈሳል። ደሞዝ።»

ገልብጣ አየችው። ከጀርባው ባዶ ነው። ናፈቅሽኝ የለ፣ እንዴት ሰነበትሽ የለ። ሴት ልጅ ሦስት ሳምንት ጠብቃ ስለ ዘይት ሲጻፍላት ሆዷ ምን እንደሚል የደረሰባት ታውቀዋለች።

እንዲያም ሆኖ እንደተጻፈላት አደረገች። ጠረገች፣ ቀደደች፣ በጠበጠች። ጸሎቱን ግን እሷ የመሪጌታ ልጅ፣ ላኪውም የዜማ ሰው ነውና በዜማ አለችው፤ እንደ አባቷ እየጎተተች፣ እያነሣች እየጣለች። ገና እኩሌታው ላይ ጭስ ተነሣ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ያ ሁሉ እንጉዳይ ሲያርር ትርሲት ነገሩን በራሷ መንገድ ፈታችው። ይህ ልጅ አይወደኝም፤ ቢወደኝ የሚያሳርር ትእዛዝ አይልክልኝም ነበር አለች። ያን ቀን ሙሉ በልቧ ስትረግመው ዋለች፤ ስትረግመው ደግሞ ይበልጥ ናፈቃት።

*

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ደረሱ። አንደኛው አቶ ሰውመሆን ናቸው፤ በአንደበታቸው ሦስት ቀበሌ የሚያስታርቁ ሰው። ሁለተኛው አያ ባየህ፣ የሰባ ሁለት ዓመት አዛውንት፣ የደሞዝ አጎት። አያ ባየህ ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሳምንት ተቀምጠው መመለሳቸው ነው። ፍል ውሃ ጉልበት ያድናል፤ ሆድ ግን ያስርባል። ከተመለሱ ጀምሮ የበሉት ሁሉ የት እንደሚገባ አያውቁም ነበር።

ሌላ ሰው ደግሞ በጓሮ በኩል መጣ። ሽማግሌ የላከ ወንድ በዚያ ቀን ከዚያ ቤት መራቁ ነው ወጉ። ደሞዝ ግን ትኩስ እንጉዳይ በከረጢት አንጠልጥሎ፣ በሩዝ ማሳ አቋርጦ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ማድ ቤቱ ውስጥ ቆመ።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለችው ትርሲት።

«እናትሽ ያርራል ብለው ላኩብኝ።»

«ስለ እንጉዳዩ ነው የመጣኸው?»

«ስለ እንጉዳዩ ነው።»

በመጥበሻው ልትለው ምንም አልቀራት። ዘይቱ ግሏል፤ ሊጡ ተበጥብጧል፤ ወዲያ ቤት ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። የምትለውን ሁሉ ዋጥ አድርጋ አንድ እፍኝ እንጉዳይ ዘይቱ ውስጥ ጨመረችና አቡነ ዘበሰማያትን በዝግታ በዜማ ጀመረች። ደሞዝ ዓይኑ ፈጠጠ።

«በዜማ ነው እንዴ ስትይው የነበረው?»

«ታዲያ በምን ልበለው?»

«በንባብ ነዋ! በዜማማ ገበሬ አንድ ጥማድ አርሶ ይመለሳል።»

«አንተ የዜማ ተማሪ አልነበርክ?»

«ነበርኩ» አለና ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ።

በዚያች ቃል ላይ ድምፁ ወረደ። ትርሲት አየችው፤ እሱ አላያትም። ጸሎቱን በንባብ፣ በሹክሹክታ ቶሎ ቶሎ ብሎ ጨረሰና እንጉዳዩን በወንፊት አወጣው። ወርቅ የመሰለ ነበር። ዳር ዳሩ ተጨማድዷል፣ ሲነካካ ይንኮሻኮሻል፣ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ እንኳን ጾመኛ፣ የጠገበ ሰውም ይጠራል። እናቷ ሳህኑን ተቀብለው ወደ ቤት ገቡ። ትርሲት ማድ ቤቱን ከቤቱ ወደሚለየው ግድግዳ ስንጥቅ ዓይኗን አስጠጋች።

ሳህኑ ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጠ። አያ ባየህ አዩት። አይተው ቶሎ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

«እንግዲህ ብሉ» አሉ መሪጌታ።

«መሪጌታ» አሉ አቶ ሰውመሆን፣ «ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ እህል አይቀምስም። ይህን ለእርስዎ አንነግርም።»

«አውቃለሁ። ካልበላችሁ አልሰማም።»

«ብንበላስ?»

«ብትበሉማ ምኑን ሽማግሌ ሆናችሁ?»

«እንዲህማ ከሆነ ከነገሩ ጦም እደሩ ነው» አሉ አቶ ሰውመሆንና እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ።

የተጠበሰ እንጉዳይ ክርክር አይጠብቅም። ሳህኑ ቀዘቀዘ፤ ላቡ ወጣ፤ ተልፈሰፈሰ። እናቷ አነሡት። ሁለተኛ ሳህን ገባ፤ እሱም እንዲሁ ወጣ። አያ ባየህ ሳህኑን በዓይናቸው እስከ በሩ ሸኙት።

በማድ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ትርሲት ታክታ ተቀመጠች።

«ደብዳቤህ ላይ ስለ እኔ አንድ ቃል የለም» አለችው። ጊዜው አልነበረም፤ ግን ሆድ የባሰው ሰው ጊዜ አይመርጥም።

«ጀምሬ ነበር» አለ ደሞዝ መጥበሻውን እያየ። «ስጀምር እጄ ተንቀጠቀጠብኝ። አራት ወረቀት አበላሸሁ። ስለ ዘይት ስጽፍ ግን አይንቀጠቀጥም።»

ትርሲት ተነሥታ ሊጡን አማሰለች። ሦስት ቀን የረገመችውን ሰው እንዴት ብላ እንደምታየው አላወቀችም።

ሦስተኛው እፍኝ ዘይት ውስጥ ገባ። ደሞዝ ጸሎቱን በንባብ ጀመረ። በዚያው ጊዜ በግድግዳው ስንጥቅ የመሪጌታ ድምፅ መጣ።

«አቶ ሰውመሆን፣ በእንጉዳዩ የተጣላሁ ይመስልዎታል። እኔ ያን ልጅ ወንበሬን ላወርሰው ነበር። በአርባ ዓመት ማስተማር እንደሱ ያለ ድምፅ ለአንድ ቀንም አልሰማሁም። ትቶኝ ሄደ። ገለባ ሊቀቅል።»

ደሞዝ ቀጥ አለ። ሦስት ዓመት ሲማር መሪጌታ ከ«ድገም» ሌላ ብለውት አያውቁም።  ጸሎቱን ሊቀጥል አፉን ሲከፍት የወጣው ንባብ አልነበረም፤ ዜማ ነው፤ ሙሉ ድምፅ፣ ሁለት ዓመት ታፍኖ የቆየ። ጣሪያውን አንቀጠቀጠ። ትርሲት አፉን በእጇ ልትይዘው አስባ እጇ በግማሽ መንገድ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር በእጅ አይያዝም። እንጉዳዩ እንዳያርር ብቻ ዘልላ አወጣችውና ሳህኑን ለእናቷ አቀበለች።

ቤት ውስጥ ሦስተኛው ሳህን ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጠ። አቶ ሰውመሆን ያጣመሩትን እጅ ፈትተው ወደ ማድ ቤቱ ዞሩ። ዜማው ውስጥ ድምፅ እየተንከባለለ የሚወርድበት፣ ርክርክ የሚሉት ቦታ አለ። ደሞዝ እዚያ ሲደርስ ሁለት ዓመት አልደገመውምና ዋጥ አድርጎ አለፈው። መሪጌታ ይህን አይችሉም። ከተቀመጡበት ሆነው፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ራሳቸው ሳያውቁት ርክርኩን በትክክል አወረዱት።

ከዚያ ተነሡና ወደ ማድ ቤቱ መጡ።

በሩን ሞልተው ቆሙ። ሙሽራ ልሁን ባይ በአማቹ ማድ ቤት፣ ወንፊት በእጁ፣ ዱቄት በጢሙ። 

«ርክርኩን ዋጠው ብዬ አስተምሬሃለሁ?» አሉ መሪጌታ።

ደሞዝ ከእግራቸው ወደቀ። «ይፍቱኝ፣ የኔታ።»

«ለምን ሄድክ? ደኅና ይዋሉ እንኳ ሳትል።»

«የኔታ» አለ ደሞዝ ቀና ሳይል፣ «እርስዎ ድጓ ሲያስጠኑኝ እኔ የማጠናው ልጅዎ ከምንጭ የምትመለስበትን ሰዓት ነበር። እንጀራዎን እየበላሁ ልጅዎን ልመኝ? ብናገር ያባርሩኛል። ብደብቅ ሌባ ነኝ። ሠርቼ፣ ሰው ሆኜ፣ ሽማግሌ ልኬ በግልጽ ልጠይቅ ብዬ ወጣሁ። ደኅና ይዋሉ ልል ከበርዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ድምፄ እንቢ አለኝ።»

ትርሲት ግድግዳውን ተደግፋ ሰማች። ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ተነገረ፤ የተነገረው ግን ለአባቷ ነው፤ እሷን ማንም አላያትም። ደስ አላት፣ ከፋት፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ።

መሪጌታ መጥበሻውን አዩ፤ ወንፊቱን አዩ። ዘይቱ ይጨሳል።

«ውጣ» አሉ በመጨረሻ።

ደሞዝ ተነሣ። ትርሲትን አንድ ጊዜ አያትና በጓሮ ወጥቶ ከገለባው ክምር ጀርባ ተሰወረ። 

ያኔ ነው ከቤት ውስጥ ያ ድምፅ የተሰማው። ጥርት ያለ፣ ማንም የማይክደው።

ኩርሽም።

*

መሪጌታ ሲገቡ ትርሲት ከኋላቸው ተከትላ ከበሩ ቀረች። አቶ ሰውመሆን ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነዋል። አያ ባየህ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ አኝከው እንዳይውጡት ነውር፣ አውጥተው እንዳይጥሉት ነውር ሆኖባቸው ፈጠው ቀርተዋል። ሳህኑ እኩሌታው የለም።

«መሪጌታ፣ ይፍቱን» አሉ አቶ ሰውመሆን ከጋቢው ውስጥ። «ተዋረድን። እኛ እንሄዳለን፤ ልጁም ሌላ ሽማግሌ ይፈልግ።»

«ይቀመጡ» አሉ መሪጌታ። ራሳቸውም ተቀመጡ። ወደ ማድ ቤቱ አቅጣጫ ለአፍታ ጆሯቸውን ሰጡ፤ የሚሰማ ነገር አልነበረም። «አያ ባየህ፣ በዕድሜዎ ስንት ጊዜ ለሽምግልና ተልከዋል?»

አያ ባየህ በግድ ዋጡ። «እንጃ፣ መሪጌታ። ሠላሳም አይሞላ ብለው ነው?»

«መልስ ሳያገኙ እህል የቀመሱበት ጊዜ አለ?»

«ሚካኤልን፣ አንድም ቀን።»

«ሽማግሌ ውሸት አይናገርም» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «መልስ ሳያገኙ ቀምሰው አያውቁም፤ ዛሬ ቀምሰዋል። እንግዲያው ዛሬም መልስ አግኝተዋል ማለት ነው።»

አያ ባየህ አልገባቸውም፤ አቶ ሰውመሆንን ዘወር ብለው አዩ። አቶ ሰውመሆን ጋቢውን ከፊታቸው ቀስ አድርገው አወረዱት። የገባቸው እሳቸው ናቸው። ተነሥተው የመሪጌታን ጉልበት ሳሙ።

«ልጁ ለጥር ሚካኤል ማኅሌት ይቆማል» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ። «ከዚያ በፊት ሰርክ ሰርክ እየመጣ ከእኔ ሥር ዜማውን ይቀጽላል። ርክርኩን ሳያቃና ሠርግ የለም። ገለባውን ይቀቅል፤ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔን ግን ብላ የሚለኝ እንዳይኖር፤ ይህን ሳህን ከፊቴ አንሡልኝ።»

ሳህኑን ለማንሣት የፈጠኑት አያ ባየህ ነበሩ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ጾም ነው፣ ጥሩ» አሏቸው። እሳቸውም እልልታውን በነጠላቸው አፍነው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ወደ ጓዳ ገቡ።

ትርሲት መቼ ከበሩ እንደተነሣች አታውቅም። በጓሮ ስትሮጥ እንባዋ ይወርዳል፣ በጥላሸት የቆሸሸ እጇ ሲጠርገው ፊቷ ይባስ ይጠቁራል።

ደሞዝ ከክምሩ ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ተነሣ። ፊቷን አየው፤ እንባውን አየው፤ እንቢ መባሉን በልቡ ጨረሰው።

«አታልቅሺ» አላት። «አውቄዋለሁ። ውጣ ሲሉኝ አውቄዋለሁ።»

ትርሲት ልትነግረው አፏን ከፈተች።

«ተይ፣ እኔ ልናገር» አለ። «ዛሬ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም። የትም አልሄድም፣ ትርሲት። ለከርሞም እልካለሁ፤ ለሚቀጥለውም። የፎገራ ሽማግሌ ካለቀብኝ ከጎንደር አመጣለሁ። ገበያ ላይ ነጠላሽን ከሩቅ ሳይ ሚዛኑ ከእጄ ይወድቃል፤ ሰው የፈለገውን አንሥቶ ይሄዳል፤ እኔ አላይም። ሌሊት እንጉዳዩን ውሃ ሳጠጣ የማወራው ከአንቺ ጋር ነው። እብድ ነው ብሎ አከራዬ ሊያስወጣኝ ነበር። ከዓይንሽ በፊት እንዴት እኖር እንደነበር ጠፍቶኛል።»

ትርሲት መልሱን በአፏ እንደያዘች ቆመች። ንገሪው፣ አታሠቃዪው ይላታል ልቧ። እሱ ግን ገና መናገሩ ነው፤ በዚያ ላይ ሳይንተባተብ። ነጠላዋን አፏ ላይ ሰብሰብ አድርጋ ሣቋን ደበቀችና ሲጨርስ ልትነግረው ዝም አለች።